አሮጌው ዳኮታና ወዳጆቹ

ይህ የበዓል መጽሔት ሲዘጋጅ ለእኛ ለ12ኛ ክፍል ተማሪዎች የደረሰን ድርሻ አንድ የታሪክ ጽሑፍ ነበር። ስለ ምን እንጻፍ እያልን በግቢው ሣር ላይ ተቀምጠን ስንከራከር፥ በስተ ምሥራቅ ከጭላሎ ተራራ ትከሻ በላይ አንድ አውሮፕላን ታየንና ወደ ደቡብ አለፈ። «የባሌው ነው» አለ ከመካከላችን አንዱ። ወደ ክፍል ገብተን የጂኦግራፊውን ካርታ ዘረጋንና ከአዲስ አበባ እስከ ጎባ ማስመሪያ አጋደምን፤ መስመሩም በእውነት ከጭላሎ ጥቂት ወደ ምሥራቅ ራቅ ብሎ የአርሲን ደጋ አቋርጦ አለፈ። በቀጥታ ስንለካው 260 ኪሎ ሜትር ያህል ሆነ።

በመጀመሪያ ልንጽፍ ያሰብነው በነሐሴ 2004 ዓ.ም. ከአፍሪካ አገሮች ሁሉ ቀድሞ ለኢትዮጵያ አየር መንገድ ስለ ገባው ስለ ቦይንግ 787 ነበር። የታሪክ መምህራችን ግን ፈገግ ብለው «የአዲሱንማ ጋዜጣው ሁሉ ጽፎታል፤ በዚህ ባሰመራችሁት መስመር ላይ ከእርሱ በፊት ማን ይበር እንደ ነበር ለምን አትጠይቁም?» አሉን። ደግሞም በከተማችን ወደሚኖሩ አንድ ጡረተኛ መምህር ላኩን። እኒህ አባት በ1957 ዓ.ም. ገና የ20 ዓመት ወጣት ሳሉ በመምህርነት ወደ ጎባ የተጓዙት በአውሮፕላን ነበር፤ አውሮፕላኑም ዳኮታ ይባላል።

«ልጆቼ፥ ወንበሩ እንደ ዛሬው አልነበረም» ብለው ጀመሩልን። በግራና በቀኝ ግድግዳው ሥር አግዳሚ ተዘርግቶ፥ ተሳፋሪው ፊት ለፊት እየተያየ ይቀመጣል። በመካከል ጆንያና ሣጥን በገመድ ታስሮ ተከምሯል። ብርዱ ያንቀጠቅጣል፤ ከአጠገባቸው የተቀመጡት እናት ነጠላቸውን ባፋቸው ላይ አድርገው ከመነሻ እስከ መድረሻ አልተናገሩም። እኒህ አባት ከሁሉ የማይረሱት ግን ከመነሣታቸው በፊት ያዩትን ነው። አብራሪው አውሮፕላኑን ዞሮ ዞሮ ከተመለከተ በኋላ፥ ገበሬ የበሬውን አንገት እንደሚያሻሽ፥ መዳፉን በአውሮፕላኑ ጎን ላይ አሳርፎ ጥቂት ቆመ። «ምን እያደረገ ነው ብዬ ተገረምሁ፤ ለካ ሰው ብረትንም ይወዳል» አሉን።

ይህን ሰምተን ወደ ትምህርት ቤት ስንመለስ ከመካከላችን አንዱ ባልንጀራችን «ይህ ፍቅር አይደለም፤ አዲስ መግዣ ያጣ ሰው አሮጌውን ከማቆላመጥ በቀር ምን ምርጫ አለው?» ብሎ ተከራከረን። ግማሾቻችን ከእርሱ ጋር ሆንን፤ ግማሾቻችን ተቃወምነው። ይህ ጽሑፍ ከዚያ ክርክር የተወለደ ነው። (ዓመታቱን በኢትዮጵያ አቈጣጠር ጽፈናል፤ በአውሮፓ አቈጣጠር የሆነውን እ.ኤ.አ. በማለት ለይተናል።)

ዳኮታ የተባለው አውሮፕላን በፋብሪካው ስሙ ዲሲ-3 ይባላል፤ ለጦር ሠራዊት ጭነት ማመላለሻ ተብሎ የተሠራው ወንድሙ ደግሞ ሲ-47 ነው። ዳኮታ ብለው የሰየሙት እንግሊዞች ናቸው፤ በአገራችንም የቀረው ይኸው ስም ነው። የሠራው በአሜሪካ በካሊፎርኒያ ይገኝ የነበረው የዳግላስ ፋብሪካ ሲሆን፥ ሥራው የተጀመረው የአንድ አሜሪካዊ አየር መንገድ ኃላፊ መንገደኞች ሌሊቱን ተኝተው የሚጓዙበት አውሮፕላን እንዲሠራለት ስለ ጠየቀ ነው። በዚህም መሠረት 14 አልጋ የሚይዝ ተሠራ፤ አልጋው ቀርቶ ወንበር ሲደረግበት ደግሞ 21 ሰው የሚይዝ ሆነ። ያ ሁሉ የጦርነት ዝና የመጣው ለእንቅልፍ ከተሠራ አውሮፕላን መሆኑ ያስቃል።

ለመጀመሪያ ጊዜ የበረረው ታኅሣሥ 7 ቀን 1928 ዓ.ም. ነው። ይህን ቀን ስናነብ እስክሪብቶአችንን አስቀምጠን ጥቂት ዝም አልን። ከዚያ 11 ቀን ቀደም ብሎ፥ ኅዳር 26 ቀን፥ የፋሺስት ኢጣልያ አውሮፕላኖች ደሴን ደብድበዋል። እንግዲህ በካሊፎርኒያ ለመንገደኛ ምቾት የታሰበው አውሮፕላን ከመሬት በተነሣበት ወር፥ የእኛ አገር ሰው አውሮፕላንን ያውቀው የነበረው ቦምብና የመርዝ ጋዝ በሚጥል ጠላትነቱ ነበር። በነሐሴ 1921 ዓ.ም. የመጀመሪያው አውሮፕላን አዲስ አበባ ሲያርፍ በእልልታ የተቀበለው ሕዝብ፥ ከሰባት ዓመት በኋላ ያንኑ ድምፅ ሲሰማ ወደ ዋሻ የሚሸሽ ሆነ። አውሮፕላንን ከዚህ ስሙ ለማንጻት ብዙ ሥራ ያስፈልግ ነበር።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ይኸው አውሮፕላን ከ10,000 በላይ ሆኖ ተመረተ። ወታደር አጓጓዘ፥ ቍስለኛ አወጣ፥ ዣንጥላ ወራሪዎችን በኖርማንዲ ላይ አፈሰሰ። ጦርነቱ ሲያልቅ በየሜዳው ተሰልፎ ገዢ የሚጠብቅ ትርፍ ዕቃ ሆነ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ታኅሣሥ 12 ቀን 1938 ዓ.ም. ሲቋቋም፥ ከአሜሪካው ቲ.ደብሊዩ.ኤ. ኩባንያ ጋር በተደረገ ውል የተገኙት የመጀመሪያዎቹ አውሮፕላኖች ከዚህ የጦርነት ትርፍ የተገዙ አምስት ሲ-47 ነበሩ። ነቢዩ ኢሳይያስ ስለ ሰይፍና ስለ ማረሻ የተናገረውን በልጅነታችን ያጠናን ሁሉ እዚህ ላይ እርሱን ማስታወሳችን አልቀረም። መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. ከእነዚህ አንዱ ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በአሥመራ በኩል ካይሮ ገባ። መነሻው ያን ጊዜ በልደታ የነበረው ሜዳ ነው፤ አዲስ አበቤዎች ዛሬም ሰፈሩን ኦልድ ኤርፖርት እያሉ ይጠሩታል። ወታደር ይቀመጥባቸው የነበሩት አግዳሚዎችም ሳይነቀሉ መንገደኛ ተቀመጠባቸው፤ መምህራችን በ1957 ዓ.ም. የተቀመጡበትም ያንኑ ዓይነት አግዳሚ ነው።

ለመሆኑ ይህ አውሮፕላን ከአገራችን ጋር እንዲህ የተስማማው ለምንድን ነው? የፊዚክስ መምህራችን በዚህ ረገድ ብዙ ረድተውናል። አሰላ ከባሕር ወለል በላይ 2,430 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ናት። በዚህ ከፍታ አየሩ ከባሕር ዳር አየር ይልቅ በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። የሳሳ አየር ለሯጭ ጥሩ አስተማሪ ነው፤ የአሰላው ኃይሌ ገብረ ሥላሴና የበቆጂዋ ደራርቱ ቱሉ ምስክሮች ናቸው። ለአውሮፕላን ግን ጠላት ነው። ክንፍ የሚደገፍበት አየር ይቀንሳል፥ ሞተር የሚተነፍሰው አየር ይቀንሳል፥ ስለዚህ ለመነሣትም ለማረፍም ረዘም ያለ ሜዳ ይጠይቃል። በደጋው አገር ደግሞ ረዥም ሜዳ ከየት ይመጣል? ያለው አንድ አምባ፥ አንድ የከብት ግጦሽ፥ ከዚያ ወዲያ ገደል ነው።

ዳኮታ ግን ለዚህ የተፈጠረ ይመስል ነበር። ክንፉ ከጫፍ እስከ ጫፍ 29 ሜትር ሲሆን፥ ሰፊ ስለ ሆነ በዝግታ መውረድ ይችላል። እያንዳንዳቸው 1,200 የፈረስ ጉልበት ያላቸው ሁለት ሞተሮች አሉት፤ የሚቀዘቅዙት በውኃ ሳይሆን በአየር ነው፤ ስለዚህ የሚያፈስ ራዲያተር የላቸውም። ከሁሉ ይልቅ የጠቀመው አቀማመጡ ነው። የዛሬ አውሮፕላኖች ሦስተኛ ጎማቸው ከአፍንጫቸው ሥር ነው፤ የዳኮታ ግን ከጭራው ሥር ናት፥ እርስዋም ትንሽ ናት። ስለዚህ መሬት ላይ ሲቆም አፍንጫውን ወደ ሰማይ ቀና አድርጎ ጭራው ላይ እንደ ተቀመጠ ውሻ ነው፤ ፕሮፔለሩም ከድንጋይና ከጭቃ ይርቃል። ሌላም አለ። ዋናዎቹ ጎማዎች በበረራ ጊዜ ወደ ላይ ሲታጠፉ ፈጽመው አይደበቁም፤ ግማሻቸው ወደ ውጭ ብቅ ብሎ ይቀራል። ጎማ ለመዘርጋት የረሳ ወይም ያልቻለ አብራሪ በሆዱ ሲያርፍ እንኳ በእነዚያ ላይ ይንሸራተታል፤ ፕሮፔለሩ ይጣመማል፥ አውሮፕላኑ ግን ተጠግኖ ይነሣል። የሚሳሳት ሰው ይኖራል ብሎ አስቀድሞ ያሰበ መሐንዲስ ምንኛ አስተዋይ ነው!

ስለ ዕድሜው መርዘምም እንናገር። ቀጭን ሽቦ ወዲያና ወዲህ ስናጣጥፈው ይዋል ይደር እንጂ ይሰበራል። በከፍታ የሚበር ዘመናዊ አውሮፕላንም ተሳፋሪው እንዲተነፍስ ውስጡ በአየር ግፊት እንደ ኳስ ይነፋል፤ ሲያርፍ ይተነፍሳል፤ ላሜራው በእያንዳንዱ በረራ ይለጠጣል፥ ይሰበሰባል። እ.ኤ.አ. በ1954 የእንግሊዝ ኩራት የነበሩ ሁለት ኮሜት የተባሉ ጄቶች በሦስት ወር ውስጥ በዚህ ምክንያት አየር ላይ ተበተኑ። ዳኮታ አይነፋም። ክንፉም በብዙ ቋሚና አግዳሚ ብረት የተዋቀረ ነው፤ በዚያን ዘመን መሐንዲሶች ስለ ብረት ድካም ገና ብዙ ስለማያውቁ ከሚያስፈልገው በላይ አጠንክረው ሠሩት። አለማወቅ ዕድሜ ሲያስረዝም ያየነው በዚህ ብቻ ነው።

እንግዲህ ወደ አብራሪዎቹ እንመለስ። በመላው ዓለም ያሉ የዳኮታ አብራሪዎች ስለ አውሮፕላናቸው ሲናገሩ እንደ ዘመድ ያሙታል፥ እንደ ዘመድም ይመኩበታል። «ተጠጋግተው የሚበሩ የብሎኖች ስብስብ ነው» ይላሉ፥ መንገጫገጩን ሲያሙ። ዝናብ ሲዘንብ በፊት መስተዋቱ ጠርዝ እየገባ ጉልበታቸውን ያረጥባቸዋል። ሞተሩ ሲነሣ እንደ ሽማግሌ ያስላል፥ ጭስ ይተፋል፥ ከዚያ በኋላ ነው ድምፁ የሚስተካከለው። ነገር ግን ወዲያው አስከትለው «ዳኮታን የሚተካ ሌላ ዳኮታ ብቻ ነው» ይላሉ። ይህ ቃል በአቪዬሽን ሰዎች ዘንድ ምሳሌ ሆኗል።

ለዚህ ፍቅር ከሚጠቀሱት ታሪኮች እኛን እጅግ ያስደሰተን እ.ኤ.አ. በ1941 በቻይና የሆነው ነው። አንድ ዲሲ-3 መሬት ላይ ቆሞ ሳለ በጃፓኖች ቦምብ አንድ ክንፉ ተሰበረ። በአቅራቢያ የዲሲ-3 ክንፍ አልነበረም፤ ሆንግ ኮንግ ውስጥ የታናሹ የዲሲ-2 ክንፍ ነበረ። ያንን ክንፍ በሌላ አውሮፕላን ሆድ ሥር አስረው አመጡና ገጠሙለት። አዲሱ ክንፍ ከቀድሞው አንድ ሜትር ተኩል ያህል ያጥራል። አውሮፕላኑ አንዱ ክንፉ ረዥም፥ አንዱ ክንፉ አጭር ሆኖ ተነሥቶ በረረ! ሰዎችም «ዲሲ-ሁለት ተኩል» ብለው ስም አወጡለት። እንዲህ የሚታገሥ መሣሪያ በእጁ ያለ ሰው መውደዱ ያስደንቃልን?

በአገራችንም ዳኮታ የብዙ አብራሪዎች የመጀመሪያ መምህር ሆነ። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ካፒቴኖቹ የውጭ አገር ሰዎች ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1957 ግን ካፒቴን ዓለማየሁ አበበ ዳኮታን በአዛዥነት በማብረር የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ የመንገደኛ አውሮፕላን ካፒቴን ሆኑ። ይህ ቀን በታሪክ መጽሐፎቻችን ሰፊ ቦታ ሊሰጠው ሲገባ አንድ መስመር እንኳ አላገኘንለትም፤ ይህን በቅሬታ እንናገራለን። ኢትዮጵያዊ አብራሪ ከጦርነቱ በፊትም ነበረ፤ መንገደኛ አሳፍሮ ሙሉ ኃላፊነቱን ለመሸከም ግን ለእኛ ሰው መጀመሪያ ትከሻውን የሰጠው ይህ አሮጌ የጦር ሜዳ አውሮፕላን ነው።

ከዚያ በኋላ አዳዲሶቹ መጡ። እ.ኤ.አ. በ1950 ኮንቬር፥ በ1958 ዲሲ-6፥ በ1955 ዓ.ም. ደግሞ የመጀመሪያዎቹ ጄቶች፥ ቦይንግ 720ዎች፥ ገቡ። የልደታ ሜዳ ለጄት ስለማይበቃ ሥራው ወደ ቦሌ ተዛወረ። ሰው ሁሉ ዳኮታ አበቃለት ብሎ ሳያስብ አልቀረም። ነገር ግን ጄቱ ቦሌ ላይ ያወረደውን መንገደኛ ወደ ጎሬ፥ ወደ ሚዛን ተፈሪ፥ ወደ ደምቢ ዶሎ፥ ወደ ጎባ ማን ያድርሰው? ያ ሁሉ የሣርና የአፈር ሜዳ ነው። ላሊበላን ለማየት ከሩቅ አገር የመጣው ጎብኚ የመጨረሻውን ጉዞ የሚያደርገው በዳኮታ ነበር፤ የላሊበላ ሜዳ በክረምት ስለሚጨቀይ ዳኮታም ቢሆን እስከ በጋ ይጠብቅ ነበር። ኮንቬሮቹ ከእርሱ በኋላ መጥተው ከእርሱ በፊት ሄዱ፤ ዳኮታ ግን የአገር ውስጡን ሥራ እስከ እ.ኤ.አ. 1980ዎቹ ድረስ ይዞ ቆየ። ከዚያ እንደ ትዊን ኦተርና እንደ ኤቲአር ያሉት ተረከቡት። ፒስተን ሞተሩ የሚጠጣው ልዩ ቤንዚን ጄቶቹ ከሚጠጡት ነዳጅ የተለየ ነው፤ ለጥቂት አሮጌዎች ብሎ ያንን በየሜዳው ማከማቸት እየከበደ ይሄዳል።

የዳኮታን ነገር ስናወድስ የተሳፋሪውን ወገን መርሳት ግን ተገቢ አይደለም። ፍቅሩ የአብራሪው ነው፤ ማቅለሽለሹ የተሳፋሪው ነበር። ዳኮታ ከደመና በላይ ርቆ መብረር ስለማይመቸው በተራሮቹ መካከል ነፋሱ እየናጠው ይሄዳል። ከጭላሎ ጀምሮ እስከ ባሌ ድረስ ከ4,000 ሜትር በላይ የሚወጡ ተራሮች አሉ፤ በክረምት ጭላሎ ለሳምንት ያህል ራሱን ሸፍኖ እንደሚሰነብት የአሰላ ሰው ያውቀዋል። በዚያ ውስጥ በካርታ፥ በሰዓትና በዓይን እየተመሩ ማለፍ ምን እንደሆነ አስቡት። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1960 ከቡልቂ ወደ ጅማ ይበር የነበረ ዳኮታ ከጅማ በስተ ደቡብ ከተራራ ጋር ተጋጭቷል። ከነበሩት 11 ሰዎች የሞተው አንድ ሰው ነው። የአውሮፕላኑ ወዳጆች አሥሩ መትረፋቸውን ለጥንካሬው ምስክር አድርገው ይጠቅሱ ይሆናል፤ እኛ ግን አንዱንም እንቈጥራለን።

ወደ ባልንጀራችን ጥያቄ እንምጣ። አገራችን ዳኮታን ያን ያህል ዘመን ያቆየችው በድህነት ነው ወይስ በጥቅሙ? ድህነቱን አንክድም። መንገድና ድልድይ ቢኖር ኖሮ መምህራችን ወደ ጎባ በአውቶቡስ በሄዱ፥ አስፋልት የተነጠፈበት ሜዳ ቢኖር ኖሮ አዲስ አውሮፕላን በተገዛ ነበር። ይሁን እንጂ ይህ መልስ ሁሉን አይፈታም። አሜሪካ ድሃ አይደለችም፤ ነገር ግን በዊስኮንሲን ግዛት በኦሽኮሽ ከተማ ያለ አንድ ኩባንያ የዳኮታን አካል እያደሰ፥ አሮጌውን ሞተር አውርዶ ተርባይን ሞተር እየገጠመ፥ ቢቲ-67 ብሎ ይሸጣል። እነዚህ በአንታርክቲካ በረዶ ላይ ሳይንቲስቶችን ያመላልሳሉ። እ.ኤ.አ. በ2019 ደግሞ የኖርማንዲ ዘመቻ 75ኛ ዓመት ሲከበር ብዙ ዳኮታዎች አትላንቲክን ተሻግረው ፈረንሳይ ላይ በረሩ። ገንዘብ ያለውም ሰው ያቆየዋል ማለት ነው።

ለባልንጀራችን ከሁሉ የከበደው ምሳሌ ግን ከሩቅ የመጣ አልነበረም። አባቱ የጭነት መኪና ሹፌር ናቸው። ኤንትሬ የሚባለውን አሮጌ ፊያት የማያውቅ ኢትዮጵያዊ የለም፤ በየዳገቱ እያጓራ እህልና ሲሚንቶ ይዞ ዘመናትን አስቈጥሯል። በመኸር ወቅትም በአርሲ የስንዴ ማሳ ላይ ከአንዳንዶቻችን ወላጆች የሚበልጥ ዕድሜ ያለው ኮምባይነር ሲያጭድ እናያለን። «አባትህ ኤንትሬውን የሚወደው አዲስ መግዣ ስላጣ ነው?» ብለን ጠየቅነው። ጥቂት አሰበና «መግዣማ የለውም፤ ነገር ግን አዲሱ መንገድ ላይ ሲቆም ኮምፒውተር ያለው ሰው ከአዲስ አበባ ይጠበቃል፤ ኤንትሬው ሲቆም አባቴ ራሱ ወርዶ ያስነሣዋል» አለ። ከዚያ ወዲህ ክርክሩ እንደ ቀድሞው አልጋለም። ዳኮታም በገጠር ሜዳ ላይ ሲበላሽ አብራሪውና መካኒኩ በመፍቻ፥ በላሜራና በሪቬት ብዙ ነገር ማድረግ ይችሉ ነበር። የሚያውቁትን ነገር መውደድ ለሰው ይቀላል፤ የተሸፈነውን ማድነቅ እንጂ መውደድ ያስቸግራል።

ጽሑፋችንን ከጨረስን በኋላ አንብበን ልናሰማቸው ወደ ጡረተኛው መምህር ቤት ሄድን። ቡና ተፈልቶ ስለ ነበር እስከ አቦል ማለቂያ ድረስ በጸጥታ አዳመጡን። አንድ ነገር ብቻ አረሙ። «አብራሪው እጁን ያሳረፈው ከክንፉ ኋላ በበሩ አጠገብ ነው፤ እኔ በዚያው በር ስገባ ላሜራው ላይ የመዳፉ ወዝ ይታይ ነበር» አሉ።

«አባባ፥ ዛሬ ዳኮታ ተገኝቶ ወደ ጎባ ይሂዱ ቢባሉ ይሳፈራሉ?» ብለን ጠየቅናቸው።

ሳቁ። «እኔ? ሁለተኛ አልሳፈርም! በአውቶቡስ እሄዳለሁ። ግን ሲነሣ ለማየት ብትጠሩኝ፥ ከዘራዬን ይዤ ከእናንተ ቀድሜ እደርሳለሁ።»